የባሕር ዳር ሆቴልና የባሕሩ ሰው

ባሕር በሌላት ሀገር ተቀምጦ ስለ ባሕር ዳር ሆቴል መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ምጽዋና አሰብ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ ሀገር ወደቦች ናቸው፤ የቀይ ባሕርን ጨው በከንፈሩ የቀመሰው ትውልድም እያረጀ ነው። ቋንቋችን ግን ባሕርን አልተወም። በጣና ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ሐይቁን «ባሕር» ይለዋል፤ ባሕሩ ተቆጣ፣ ባሕሩ ጸጥ አለ፣ ባሕር ተሻግሮ ሄደ እያለ ያወራል። በደቡብ ዳርቻው የተቆረቆረችው ከተማም ስሟ ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ በአማርኛ «የባሕር ዳር ሆቴል» ስንል ሳናስበው ሰምና ወርቅ እንናገራለን፤ ሰሙ በባሕር ዳር ከተማ ያለ ሆቴል ነው፤ ወርቁ በውኃ ጠርዝ የተሠራ፣ ፊቱን ለማዕበል የሰጠ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ወርቁ ነው።

ውኃ በቧንቧ፣ ያውም በፈረቃ በሚመጣበት በመካኒሳ አቦ የሚኖር ሰው ይህን ያህል ውኃ አንድ ላይ ተኝቶ ሲያይ መደነቁ አይቀርም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ጥልቀቱ ግን ስፋቱን አይመጥንም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። (ስለ አንዳንድ መጻሕፍቶቻችንም ይህንኑ ማለት ይቻል ነበር፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር። የውኃ ዳር ሆቴሎቻችን ውኃውን ይወዳሉ፤ የውኃውን ሰው ግን አይወዱም። ባሕሩን ለእንግዳ ያሳያሉ፤ ባሕረኛውን በአጥር ያግዳሉ፤ ሌሊት ሲሆን ደግሞ የባሕረኛውን ባህል በድምፅ ማጉያ መልሰው ይሸጡልናል። ከዚህ የሚከፋም አለ። እኛ ብዕር የያዝነው ወገኖች ከሆቴሉ በረንዳ ሳንወርድ ስለ ጣና ግጥም እንጽፋለን።

የውኃ ዳር ሆቴል የራሱ ዓለም አለው። ማለዳ ከሾላውና ከዋርካው ላይ የወፍ ጫጫታ ይነሣል፤ ከሐይቁ ላይ ጉሙ ቀስ እያለ ይገለጣል። አትክልተኛው ከጣና ሃያ ርምጃ ርቆ ሣሩን በቧንቧ ውኃ ያጠጣል። አስተናጋጇ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ጤዛ እየጠረገች ፊታቸውን ወደ ውኃው ታዞራለች፤ ሁሉም ወደ ውኃው ያያሉ፣ እርስ በርሱ የሚተያይ ወንበር የለም። ረፋዱ ላይ የስብሰባው ሰው ይመጣል። የሆቴሎቻችን ዋና ደንበኛ ቱሪስት ይመስላችኋልን? አይደለም፤ አበል ነው። ስሙን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ተሰብሳቢ የአራት ሰዓት ተኩሉን ሻይ ይዞ ወደ ዳርቻው ወጣ ይልና ስልኩን አውጥቶ ራሱን ከጣና ጋር ያነሣል፤ «ባሕር ዳር ነኝ» ብሎም ይልካል። ከሻይ በኋላ «የአካባቢው ማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚለው ርእስ ይቀጥላል። የአካባቢው ማኅበረሰብ ከአጥሩ ማዶ ነው።

ጥርና ሚያዝያ ሲገቡ ሙሽሮች ይመጣሉ። በዚህ ወቅት የሆቴሉን ግቢ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። አጃቢው መኪና ጥሩንባውን እያስጮኸ ይገባል፤ ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ልብሳቸውን ያስተካክላሉ፤ አክስቶች እልልታውን ያቀልጡታል፤ ቬሎው በሣሩ ላይ ይጎተታል። ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽራውን «ወደ ውኃው እይ፣ አሁን እሷን እያት፣ አሁን እንደገና ወደ ውኃው» እያለ ያዘዋል። ይህ ባህል ነው፤ ማንም የባህል ቢሮ ያላዘጋጀው፣ ከተሜው ራሱ የፈጠረው የውኃ ዳር ባህል ነው። በሠርጉ ፊልም ውስጥ ከሙሽሮቹ ጀርባ አንዳንዴ አንድ ታንኳ ያልፋል። ያኔ ቪዲዮ ቀራጩ ይደሰታል፤ «ቆይ ቆይ፣ ታንኳው ይግባበት!» ይላል።

እስቲ ያን ታንኳ እንከተለው።

ብዙ ጊዜ የተጫነው ማገዶ ነው፤ የመጣው ደግሞ ከዘጌ ነው። ዘጌ ወደ ሐይቁ ሰርጎ የገባ ደናማ መሬት ነው። በዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ አይገባም የሚል፣ እስከ አቡነ በትረ ማርያም የሚቆጠር ጥንታዊ ሥርዐት አለ። ሕዝቡ በቡናው፣ በጌሾውና በፍራፍሬው ይኖራል። እንግዳው በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ደርሶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፤ የግድግዳውን ሥዕል አይቶ ለምሳ ይመለሳል። የማገዶው ሰው ያንኑ መንገድ በመቅዘፊያ ለብዙ ሰዓት ይመጣዋል። ነፋስ ከመነሣቱ በፊት መግባት ስላለበት የሚነሣው ገና በጨለማ ነው። እንግዳው ከአልጋው ተነሥቶ መጋረጃውን ሲገልጥ የሚያየው ያ የተረጋጋ ጥቁር ቅርጽ፣ ያ በወርቃማው ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀጭን መስመር፣ በእውነቱ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ፣ ጉልበቱ የዛለ፣ ከገበያው ቀድሞ ለመድረስ የሚጣደፍ ሰው ነው። ፎቶው ውብ መሆኑን አልክድም። ሸክሙ ግን ፎቶው ውስጥ አይታይም።

ታንኳው ራሱ ምንድን ነው? ደንገል ነው። ደንገል ማለት ፈረንጆቹ ፓፒረስ የሚሉት፣ የጥንት ግብፃውያን መጽሐፍ የጻፉበት ተክል ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ግብፅ ይወርዳል፤ በወንዙ ታች ያሉት በዚህ ተክል ጻፉ፣ በወንዙ ራስ ያሉት በዚሁ ተክል ቀዘፉ። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ እየተጠቀለለ ይታሰራል፤ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በውስጡ ምስማር የለም። ነገር ግን ታንኳ አንድ ጠባይ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። በውኃ ላይ በቆየ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ተጎትቶ መሰጣት፣ ፀሐይ መሞቅ አለበት። እንዲህ ተደርጎለትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ይህን ጠባይ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ የክርክሬ ቁልፍ እሱ ነውና። የእንጨትና የብረት ጀልባ ውኃ ላይ ታስሮ ያድራል። ታንኳ ግን የብስ ይፈልጋል። ዳርቻ ያጣ ታንኳ ሐይቅ ሞልቶለት ይሰምጣል።

ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሚያውቁት በተለምዶ ወይጦ የምንላቸው፣ ነገደ ወይጦ የተባሉት የጣና ዳር ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ተገለሉ። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሃይማኖታቸው እስልምና ቢሆንም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ማዕዱን በደስታ ሲያካፍላቸው አልኖረም። ከቋንቋቸውና ከአደናቸው በኋላ የቀራቸው የእጃቸው ዕውቀት ነው፤ ለዚህ ዕውቀት ደግሞ ደንገልና ዳርቻ ያስፈልጋሉ።

በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። «ራ» ብሎ የሰየማት ጀልባ ደንገሏ የተቆረጠው ከጣና ነበር። የሠሯት ሰዎች ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ፤ በግብፅ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ሠሯት። ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ባርባዶስ ሳትደርስ ተፈታታች። በማግሥቱ ዓመት «ራ ሁለት» ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሰዎች እጅ ተሠርታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ሰውየው ለምርጫው የራሱ ምክንያት ነበረው፤ አልወቅሰውም። ታሪኩ ግን ዘወትር ይከነክነኛል። ሣራችን ውቅያኖስ ድረስ ሲፈለግ፣ ሣሩን የሚያውቀው እጅ እቤቱ ቀረ። የውኃ ዳር ሆቴሎቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ትንሽ ታንኳ ተሰቅላ፣ ቫርኒሽ ተቀብታ ታያላችሁ። የእሷ ታላቅ እህት በበሩ መግባት አትችልም።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ባለ ዳርቻ ታንኳ ሲያስሩ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት አጠገባቸው ተቀምጬ «አባባ፣ ይህን ሠርቶ ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከእጃቸው ሳያቀኑ «ደንገሉ ካለ መሥራቱ ምን አላት፣ ልጄ» አሉኝ። «ማስጫው ነው እንጂ የጠፋው።» ከዚያም በአገጫቸው ራቅ ብሎ ወደሚታይ የሆቴል አጥር እያመለከቱ፣ «ዱሮ እዚያ ነበር የምናሰጣው» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የዝናብን ጊዜ የሚናገር ገበሬ ይመስሉ ነበር።

«ማስጫ»! እህል የሚሰጣበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት እያልን ሁላችንም የምናውቀው የጓዳ ቃል ነው። ስለ ጣና በተጻፈ ግጥም ውስጥ ግን እኔ እስካነበብሁት አላገኘሁትም።

ስለ ቃል ካነሣን አንድ ልጨምር። «ሐይቅ» ዛሬ በአማርኛ ውኃው ነው። በግዕዝ ግን ሐይቅ ማለት ዳርቻ፣ የባሕር ጠረፍ ማለት ነበር። ቃሉ ከዳርቻው ተነሥቶ ወደ ውኃው ገባና ዳርቻው ስም አልባ ቀረ። አሁን ዳርቻውን «የሐይቅ ዳር» ብለን በሁለት ቃል እንጠራዋለን፤ ጥንት አንዱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ቃላት እንዲህ ሲሰደዱ ማንም አይከሰስም። መሬት ሲወሰድ ግን የፈረመ ሰው አለ።

ባንክ ቤት ስለምሠራ የሆቴልን ነገር ከሌላ በኩልም አየዋለሁ። ለውኃ ዳር ሆቴል ብድር ሲጠየቅ ከማመልከቻው ጋር የአዋጭነት ጥናት ይቀርባል፤ በጥናቱ ውስጥ «ማራኪ የሐይቅ ዕይታ» የምትል ሐረግ አትጠፋም። ይህች ሐረግ ዋጋ አላት፤ የክፍሉን ኪራይ ትወስናለች፤ ወደ ውኃው የሚያየው ክፍል ወደ መንገዱ ከሚያየው ይበልጣል። ባለሀብቱ በያዘው ካርታ ላይ ግን ዕይታው የለም፤ ያለው የመሬቱ ስፋት ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ሆቴሉ በየሌሊቱ የሚያከራየው ትልቁ ንብረቱ፣ የእሱ ያልሆነው ነው። ስርቆት ነው አላልሁም፤ ፀሐይንም ከመስኮት ጋር እናከራያለን። ነገር ግን የሕዝብን ነገር የሚያከራይ ሰው ለሕዝቡ መተላለፊያ ቢተው ምጽዋት አይባልለትም።

«ሆቴሉ ሥራ ይፈጥራል» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እውነትም ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ራሱ የዳርቻው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አባቱ ታንኳ ያሰጣበት በነበረው ቦታ ላይ ቆሞ ታንኳ እንዳይጠጋ ይከለክላል፤ በደመወዙ ግን ልጆቹን ያስተምራል። ይህን የሚያጣጥል ሰው ደመወዝ ሳይኖረው ወር ያልጨረሰ ሰው ነው። አጥርም ያለ ምክንያት አይታጠርም፤ ሌባ አለ፤ ጸጥታ አለ፤ እንግዳ ይፈራል። የምቃወመው ሆቴሉን አይደለም። አጥሩ ውኃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ መሄዱን ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረታችን ዓባይ ከሚነሣበት ከተማ በላይ የት ሊሠራ ይችላል?

ሌላ መንገድ እንዳለ የሐዋሳን ዳርቻ ያየ ያውቃል። በሐዋሳ ሐይቅ ጠርዝ ዋቢ ሸበሌን የመሰሉ አንጋፋ ሆቴሎች ከተሠሩ ዘመን የለውም። ቢሆንም የከተማው ሰው ማታ ማታ የሚንሸራሸርበት የፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ክፍት ነው፤ ከዚያ አለፍ ብሎ አሞራ ገደል አለ። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አስጋሪው መረቡን ያራግፋል፤ ልጆች ዓሣውን በፍጥነት ይገፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም አሞሮች እንደ ገበያ ሹም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይጎማለላሉ፤ የሆቴሉ እንግዳ በእግሩ መጥቶ ከሁሉም መሃል ቆሞ ዓሣውን ይበላል። እንከን የለውም አልልም፤ ሽታውንም አልረሳሁትም። ግን ሆቴሉና አስጋሪው አንድ ውኃ ሲካፈሉ ይታያሉ። ቢሾፍቱ ደግሞ በመዝናኛ የተከበቡ ሐይቆች አሏት፤ የሆራ አርሰዲ ዳርቻ ግን በየዓመቱ በኢሬቻ ሕዝብ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ይቆምበታል። ያንን ዳርቻ ማጠር የሚታሰበው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሕዝብ በየጊዜው እግሩን የሚያሳርፍበት ስፍራ ያለ ካርታም ባለቤቱ ይታወቃል።

ወደ ጣና እንመለስና ምሽቱን እንይ። ከራት በኋላ የባህል ምሽት አለ። ማሲንቆው ይመጣል፤ ወጣቶች እስክስታ ይወርዳሉ፤ ነጩ ልብስ በአረንጓዴ መብራት አረንጓዴ ይመስላል። ጎጃምና ጎንደር የአዝማሪ ሀገር ናቸው። አዝማሪ ማለት በጨዋ ቤት ተቀምጦ ባለቤቱን የሚነካ፣ በምስጋናው ውስጥ ምላጭ የሚደብቅ ሰው ነው። በሆቴሉ መድረክ ላይ ምላጩ ተወስዶበታል፤ ድምፅ ማጉያው ከቃሉ በላይ ስለሚጮኽ ወርቁ ይቅርና ሰሙም አይሰማም። ከዚያው ሆቴል አሥር ደቂቃ በባጃጅ ብንሄድ ያው አዝማሪ በጠባብ ቤት ውስጥ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ገጣሚው ከመጋረጃው በኩል «ተቀበል» እያለ እናገኘዋለን። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ግን ተቀጥሯል።

የምግብ ዝርዝሩም እንዲሁ ነው። «ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት፣ ዓሣ ጥብስ» ይላል። የትኛው ዓሣ? ቆሮሶ ነውን? አምባዛ? ወይስ ነጭ ዓሣ? በጣና ውስጥ የነጭ ዓሣ ወገን ብቻ 15 ገደማ ዝርያ እንዳለው ሊቃውንቱ ለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር አይገኙም። ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። አስጋሪው በስም ለይቶ ያውቃቸዋል፤ በየትኛው ወር የት እንደሚያልፉም ያውቃል። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የማያልቅ ክርክር እንኳ በሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ሲነሣ ስንት ጨዋታ ያመጣ ነበር! የወይን ጠጁን ዓይነት በአራት መስመር የሚዘረዝር ዝርዝር፣ በዓለም ብቸኛ የሆነውን ዓሣ «ዓሣ» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ጽሑፉ ሰዎች ልምጣ።

ስለ ጣና የሚጻፉ ግጥሞችን ሳነብ ጸሐፊው የተቀመጠበት ወንበር ይታየኛል፤ ፊቱ ወደ ውኃው የዞረው ያ የፕላስቲክ ወንበር። ጨረቃ አለች፤ ጉም አለ፤ መነኩሴ አለ፤ የሄደች ፍቅረኛ አለች፤ ማዕበሉ የልብ ትርታ ነው። ታንኳም አለ፤ ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ ሁልጊዜም ርቆ ይሄዳል። ወደ ዳርቻ ተጎትቶ የሚሰጣ ታንኳ፣ ማገዶ የሚራገፍበት ታንኳ፣ አስሮ የጨረሰ ሰው እጁን የሚታጠብበት ውኃ የለም። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ከእነዚህ ግጥሞች መካከል ድምፃቸው የሚያምር፣ ቤታቸው የማይሰበር ሞልቷል። ጉድለቱ የሥፍራ ነው። ገጣሚው የቆመበት ሥፍራ ሆቴሉ የመረጠለት ነው፤ የሚያየውም ሆቴሉ እንዲያይ የፈለገውን ነው። ሆቴሉ አጥሮ ያስቀረውን ነገር ገጣሚው በቃል ያጥረዋል።

እምቦጭን እንኳ ተመልከቱ። አረሙ በጣና ላይ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መካከል ታየ። ገበሬውና አስጋሪው ውኃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ ነቀለው፤ ማሽን መጣ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ፤ አረሙ እየለቀቀ እየተመለሰ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ስለ እምቦጭ ስንት ግጥም ተነበበ! በአብዛኛዎቹ ግን እምቦጭ እምቦጭ አይደለም፤ ወይ መንግሥት ነው፣ ወይ ተቃዋሚ ነው፣ ወይ ዘረኝነት ነው። ዘይቤ መሆኑ አያስነቅፍም፤ ሰምና ወርቅ ያደግንበት ነው። ነገር ግን ሰሙ ራሱ መጀመሪያ ሰም መሆን አለበት። አረሙ መረብ ውስጥ ሲገባ መረቡ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ታንኳ በእምቦጭ መሃል እንዴት እንደሚያዝ፣ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ አረሙን እንዴት እንደሚመግበው ያልነገረን ግጥም ወርቁን ከየት አመጣው?

«ሥነ ጽሑፍ ዘገባ አይደለም» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። አይደለም። ግን የቅኔ መምህሮቻችን ተማሪውን ለዓመታት ከሀገር ሀገር የሚያንከራትቱት፣ አኩፋዳ አስይዘው በየመንደሩ የሚያስለምኑት ያለ ነገር አልነበረም። የቆሎ ተማሪ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የቤቱን ድምፅ ይሰማል፤ ውሻውንም ያውቀዋል። የዛሬው ገጣሚ የመጣው በአበል ነው።

አሁን የምንጽፍበት ጊዜ ደግሞ የተለየ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት የጣና ዳር ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ወንበሮቻቸውን ባዶ አይተዋል። አስጎብኚው ሥራ ፈታ፤ የሞተር ጀልባው ቆመ፤ አስተናጋጇ ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች። ይህን ስጽፍ የሆቴሉን ሰው ሐዘን አቃልዬ አይደለም፤ በባዶ ሆቴል ውስጥ ሣር እያጠጣ የሚውል ሰው የዘመናችን ዐቢይ ገጸ ባሕርይ ሊሆን ይችላል፤ የሚጽፈው ቢገኝ። ነገር ግን እንግዳው በቀረበት ዓመት ሁሉ የማገዶው ታንኳ አልቀረም። የሐይቁ ኑሮ በሆቴሉ አልተጀመረም፤ በሆቴሉም አልቆመም።

ሰላም ሲሆን እንግዳ ይመለሳል፤ ግንባታውም አልቆመም። በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር ሪዞርት ተሠርቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በየከተማው፣ በባሕር ዳርም ጭምር፣ የእግረኛ መንገዶች እየተዘረጉ ነው። ለተራው ከተሜ ዳርቻው ሲከፈትለት ደስ ይለኛል፤ ወንበር ሳይከራይ፣ ማኪያቶ ሳያዝ ሐይቁን ማየት መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም የተነጠፈ ድንጋይ ለተራማጅ ነው። ታንኳ ጎትቶ ለሚያወጣ ሰው ጠርዙ ከፍ ያለ ንጣፍም ሌላ አጥር ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከነዙሪያው በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው የሰውና የተፈጥሮን አብሮ መኖር ብሎ ነው፤ ውኃውንና ወፉን ብቻ አላለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሐይቅ ዳር ሆቴል ሲፈቀድም ሲታደስም፣ ከግቢው ጎን ለታንኳ ማስጫ የሚሆን ጠባብ የአፈር ዳርቻ ይተውለት፤ ድንጋይ ያልተነጠፈበት፣ ደንገሉ ያልተነቀለበት፣ ጥበቃው የማይጮኽበት። ታንኳ ርዝመቱ ጥቂት ሜትር ነው። ዐሥር ታንኳዎች ጎን ለጎን ቢሰጡ የሚይዙት ቦታ ለሙሽሮች ፎቶ ከሚጠበቀው ሣር ግማሹን አያህልም፤ ቪዲዮ ቀራጩም «ይግባበት» እያለ ታንኳ አይጠብቅም ነበር።